ለመሐንዲሱ ጀልባ የሚሆን መልሕቅ

ኅዳር 3

ለአክስቴ ልጅ፣ ለጭራሮ፦

ይህች ወረቀት ስትደርስህ ሆድህ የጠገበ፣ ልብህም ያልከፋው ሆነህ ታግኝህ። ፈጣሪ እጅህን ከብረት፣ ዓይንህን ከክፉ ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። ብርዱ ገብቷል፤ የስፌት መኪናዬም ዘይቷ እየረጋ ጠዋት ጠዋት እንደ አሮጊት ካላሻሿት አልነሳም ትላለች። እናትህን በቅርቡ አግኝቻታለሁ። ትንሽ ከሳ ብላለች እንጂ ደህና ናት፤ አታስብ።

የምጽፍልህ ለጉዳይ ነው። የጀልባ ዕቃ ሱቅ ተቀጠረ ሲሉኝ፣ «ደግሞ እሱን ከውሃ ጋር ምን አገናኘው?» ብዬ ስቄብህ ነበር። ሳቄን መልስልኝ፤ ሥራህ ለእኛው ሆነ። መሐንዲሱ አንተ ከሄድክ በኋላ አንዲት ሰማያዊ ጀልባ ገዝቷል። (ሬዲዮ ጠጋኙን ባሌን ሰፈሩ መሐንዲሱ ማለቱን እስካሁን አልተወም፤ እሱም አልጠላውም።) ጀልባዋ ለሥራ አይደለችም፤ ለዓሣም አይደለችም። እሑድ እሑድ ሐይቁ መሀል ወስዶ ያቆማትና ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ይጋደምባታል። «የሬዲዮ ጩኸት ከጆሮዬ የሚወጣው እዚያ ነው» ይላል።

ችግሩ መልሕቁ ነው። መልሕቅ ካሉት ነው እንግዲህ፤ ሲሚንቶ የሞላበት ባልዲ ነው። ራሱ ሠራው። ነፋስ ሲነሳ ባልዲው አይይዝም፤ ከሥር ይጎተታል፤ ጀልባዋም ትሄዳለች።

አንድ የሚታመን መልሕቅ ምረጥልን። ቢያምር ባያምር ግድ የለኝም። የሚይዝ ይሁን። ሌላው ሁሉ ይቅርና የሚይዝ ይሁን።

እትዬህ

*

ኅዳር 28

ለውድ እትዬ፣ ለጋሼ መሐንዲሱም፦

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ የስፌት መኪናሽን ዘይት አሙቆ ይግባ። ጤና ይብዛላችሁ፤ ቤታችሁ ሳቅ አይጣ። እኔ ደህና ነኝ። የምኖርባት ክፍል ጠባብ ናት፤ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በሩን መክፈት እችላለሁ፤ ይህን እንደ ምቾት ቁጠሪልኝ። ሱቁ ግን ሰፊ ነው። ከፊት ለፊት የሚያብረቀርቀው ዕቃ፣ ከኋላ መጋዘን፤ መጋዘኑ ከወለል እስከ ጣሪያ ገመድና ሰንሰለት ነው። አለቃዬ ባልቴት ናት። እኛ በሌለችበት «ካፒቴኗ» እንላታለን። በመርከብ ያደገች ናት፤ ስታዝን አትታይ፣ ስትስቅ አትታይ፤ ዕቃ በተሳሳተ መደርደሪያ ካስቀመጥሽ ግን ያን ጊዜ ታይዋታለሽ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ምን ያህል እንደሳቅሁ! ጋሼ፣ ሰማህ? በባልዲ! አንተ በሽቦ ጫፍ የሞተ ሬዲዮ የምታስነሳ ሰውዬ! ሲሚንቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ክብደቱ ይቀንሳል። ምድር ላይ ሁለት ሰው የሚያንገዳግድ ባልዲ፣ ከሥር ሲደርስ የአንድ ሰው ነው። ደግሞ መልሕቅ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ በመንከሱ ነው። ባልዲ ጥርስ የለውም።

ለመምረጥ ግን ጥቂት ነገር ልወቅ። የሐይቁ ሥር ምንድን ነው፤ አሸዋ፣ ጭቃ፣ ድንጋይ ወይስ ሣር? እያንዳንዱ የየራሱ መልሕቅ አለው። አራት ጣት ያለው መንጠቆ ለድንጋይ ነው። ሁለት ጠፍጣፋ ምላስ ያለው ለአሸዋና ለጭቃ ጥሩ ነው፤ ነፋሱ ዞሮ ሲጎትተው ግን ይገለበጣል። ማረሻ የሚመስል አለ፤ አካፋ የሚመስል አለ። ጥልቀቱስ? ነፋሱስ ከየት ነው የሚነሳ? ጋሼን ጠይቂልኝ።

በሆዴ ሥር መዳፉን ዘርግቶ ዋና ያስተማረኝን አልረሳሁም። «ይዤሃለሁ» እያለ እጁን መቼ እንደለቀቀ ሳላውቅ ነው የዋኘሁት። ጥብቅ አድርገሽ ሰላም በይልኝ።

ጭራሮሽ

*

ታኅሣሥ 20

ለጭራሮ፦

ጤናህን ስሰማ ደስ አለኝ። ዕድሜህ ይርዘም፤ ክፍልህም ትስፋልህ።

ደብዳቤህን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የሚቀመጠው ያው በጥገና ክፍሉ ነው፤ ሬዲዮዎቹ ሆዳቸው እንደተከፈተ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው መጥተው አልወሰዷቸውም። ስለ ባልዲው የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። «ምድር ላይ ሁለት ሰው፣ ከሥር አንድ ሰው» የምትለው ላይ ስደርስ ዝም አለ። ዋና ስላስተማረህ የጻፍከውንም አነበብኩለት።

የጠየቅከውን ልንገርህ። ሥሩ ጭቃ ነው ይላል። ላዩ ልስልስ ነው፤ እጅ ሲገባበት አይሰማም፤ እንደ ሊጥ። ከዚያ በታች ግን ጠጣር ሸክላ አለ፤ እሱ ቀዝቃዛ ነው። ሣር የለውም። ወደ ወዲያኛው ዳርቻ ሲጠጉ ብቻ የደንገል ሥር አለ፤ እሱ ይጠልፋል። ጥልቀቱን ስጠይቀው፣ ቁልቁል ሲያዩት ብዙ አይመስልም፤ ሽቅብ ሲያዩት ነው ይላል።

ነፋሱ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ሐይቁ እንደተተኮሰ ጨርቅ ነው፤ ከምሳ በኋላ የመስኮቴ መጋረጃ መንቀሳቀስ ሲጀምር አውቃለሁ። ያኔ ባልዲው ይጀምራል። በጥገና ክፍሉ ወለል ላይ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ፣ ግርርርር እያለ ይጎተታል። አንድ ቀን ልብስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ቀሚሷን እንዳጠለቀች «ምንድነው?» አለችኝ። «ባለቤቴ ነው፤ ዕቃ እያነሳ ነው» አልኳት። ዚፗን እንኳ ሳትዘጋ ወጥታ ሄደች።

ቶሎ ብትመርጥልን ጥሩ ነው። ደክሞታል።

እትዬህ

*

ጥር 17

ለእትዬና ለጋሼ፦

የምወዳችሁ፣ ሰላማችሁ ይብዛ። ዓመቱ ጀልባችሁን የሚመታው ነፋስ ሳይነካው ይለፍላችሁ።

ጋሼ ደግሞ ጠልቆ ነው እንዴ ያየው? የሐይቅን ሥር እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ደንበኛ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እዚህ ትልልቅ ጀልባ ያላቸው ሰዎች «ሥሩ ምንድነው?» ሲባሉ ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። ለካፒቴኗ ስነግራት፣ «ይህ ሰው ያውቃል» አለች። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከእሷ ጋር ሆነን መረጥን። አካፋ መሰሉ ነው። ጫፉ ሹል ነው፤ ልስልሱን ጭቃ አልፎ ሸክላው ውስጥ ይገባል። ነፋሱ ቢዞር እንኳ ተገልብጦ አይቀርም፤ ራሱን አዙሮ እንደገና ይነክሳል። በእሱና በገመዱ መካከል ሰንሰለት ይገባል፤ ሰንሰለቱ መሬት ላይ ተጋድሞ ዘንጉን ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል። ነገሩ ሁሉ እሱ ነው፣ እትዬ። መልሕቅ ወደ ጎን ሲጎትቱት ይቀበራል፤ ወደ ላይ ሲጎትቱት ይነቀላል። ስለዚህ ገመዱ ረዥም ይሁን። በጥልቀቱ ልክ ገመድ የሰጠ ሰው መልሕቅ አልጣለም፤ ብረት ወረወረ እንጂ።

አጣጣሉንም ልንገራችሁ። አይወረወርም። የጀልባዋን ፊት ወደ ነፋሱ አዙሮ ቀስ ብሎ ማውረድ ነው። ሥሩን ሲነካ ጀልባዋ ወደ ኋላ ትሂድ፤ ገመዱን ልቀቁላት፤ ከዚያ አጥብቃችሁ እሰሩት። ገመዱ ይወጠርና ጀልባዋ አንገቷን ቀና አድርጋ ትቆማለች። ለማንሳት ደግሞ ገመዱን እየሰበሰቡ በትክክል ከላዩ መድረስ ነው፤ ያኔ ይለቃል።

አንድ ነገር ልለምን። ጋሼ በራሱ እጅ ሁለት መስመር ይጻፍልኝ። ያን እንደ ዶሮ ጭረት የሆነ ጽሕፈቱን ናፍቄያለሁ። ስድብም ቢሆን ይጻፍልኝ።

ጭራሮሽ

*

የካቲት 30

ለጭራሮ፦

መልሴ ዘገየብህ። ታምሜ አይደለም። እግዜር ጤናህን ይስጥህ።

ሁለት መስመር ይጻፍልኝ ያልከውን ነገርኩት። ወረቀትና እስክሪብቶም አቀረብኩለት። አይችልም። እጁ እርጥብ ነው፤ ወረቀቱ ይበላሻል።

መልሕቁን ወድጄዋለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። «ወደ ላይ ሲጎትቱት ይነቀላል» ብለሃል። የማይነቀል የለም? አንዴ ከገባ፣ ማንም ቢጎትተው፣ በምንም በኩል ቢጎትተው የማይወጣ? ካለ እሱን ላክልኝ። ክብደቱን አትፍራልኝ። ገመዱም ጀልባዋ ላይ ከሚደርሰው ትንሽ ይትረፍ፤ ለመቋጠሪያ የሚሆን።

እትዬህ

*

መጋቢት 21

ለእትዬ፦

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለቤትሽ። የልብሽን የሚያውቅ የልብሽን ይስጥሽ።

ደብዳቤሽን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። አጭር ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ካለቀ በኋላ ግን አይለቀኝም። ተጣላችሁ እንዴ? ጋሼ እጁን ምን ሆነ? ቃጠሎ ነው? ያ ሽቦ መበየጃው አቃጠለው? ሐኪም አየው? አንቺ ነገር ስትደብቂ አጭር ትጽፊያለሽ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቅሻለሁ።

የጠየቅሽኝን ለካፒቴኗ ነገርኳት። መነጽሯን አወረደችና «የማይነቀለውን የሚፈልገው ማነው?» አለች። «የአክስቴ ልጅ» አልኳት። «የማይነቀል መልሕቅ አይባልም፤ መቅበሪያ ነው የሚባለው። ሰው መልሕቅ የሚገዛው ቆሞ ሊሄድ ነው» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስለዚህ የላክሁልሽ ያንኑ አካፋ መሰሉን ነው። ሰንሰለቱን ራሴ አገናኘሁት፤ ማያያዣው እንዳይፈታ በሽቦ አሰርኩት። ለመቋጠሪያ ያልሽውን ገመድ ግን አልጨመርኩም። ምን እንደሚቋጠርበት አልገባኝምና።

የሚያመጣው አንድ የመርከብ መካኒክ ነው። ከመርከቡ እንደወረደ እናንተ ጋ የሚያደርስ የጭነት መኪና አለ። ጥሩ ሰው ነው። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ እንዳትለቁት። ጋሼም ደህናውን እጁን ይዘርጋና ያግዘው።

ጻፊልኝ። ረዥም አድርገሽ ጻፊልኝ።

ጭራሮሽ

*

ሚያዝያ 26

እትዬ፣

ሰላምታውን ልዝለለው።

መካኒኩ ተመለሰ። ሱቅ ገብቶ ኮፍያውን አወለቀና ሥራዬን እስክጨርስ ቆመ። «ለባለቤቷ ነው ብለኸኝ አልነበረም?» አለኝ።

«አዎ። ሰጠኸው?»

«ለእሷ ሰጠኋት። ሻይ አፈላችልኝ። ሦስት ብርጭቆ ቀዳች፤ አንዱን ወደ ውስጠኛው ክፍል ይዛ ገባች። ስትወጣ ብርጭቆው እንደሞላ ነበር። ከዚያ ጎረቤቷ፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ሊሸኘኝ ወጣ። ባለቤቷ የት ሄዶ ነው አልኩት። ወደ ሐይቁ አሳየኝ። መቼ ይመለሳል አልኩት። ሰውየው ፊቱን አዞረና ሁሉን ነገረኝ።»

ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ ነው አሉ። ነፋስ ተነሳ፤ ባልዲው አልያዘም፤ ጀልባዋ በወዲያኛው ዳርቻ ደንገል ውስጥ ባዶዋን ተገኘች። ሰዎች በጀልባ፣ በገመድ፣ በመንጠቆ ፈለጉት። አልተገኘም። እኔ በኅዳር «በባልዲ!» እያልኩ ስስቅበት እሱ አልነበረም።

መካኒኩን አላመንኩትም። ሮጬ ወጥቼ ለእናቴ ስልክ ደወልኩ። «እማዬ፣ መሐንዲሱ እንዴት ነው?» አልኳት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«ማን ነገረህ?» አለችኝ።

ደብዳቤዎችሽን አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ሳነብ አደርኩ። ሽቅብ ሲያዩት ነው ይላል። ሸክላው ቀዝቃዛ ነው ይላል። እጁ እርጥብ ነው። እትዬ፣ ይህን ከማን ሰምተሽ ነው የጻፍሽልኝ? በጥገና ክፍሉ ወለል ላይ ባልዲውን የሚጎትተው ማነው? ባልዲው እኮ ከጀልባዋ ጋር ተንጠልጥሎ ተገኝቷል፤ ዓሣ አጥማጁ በገዛ እጁ ገመዱን ቆርጦ እዚያው ሐይቁ ውስጥ እንደጣለው ለመካኒኩ ነግሮታል። ቤትሽ ውስጥ ባልዲ የለም።

ልቆጣሽ አልጻፍኩም። ፈርቼ ነው። የማይነቀል ላክልኝ ያልሽኝ ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ያን ብረት የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ በጨርቅ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። ሐይቁ ላይ አትውጪ። መልሕቁን ለሰው ስጪው፤ ጓሮ ጣይው፤ ብቻ ከአንቺ ይራቅ። ሁለት ቃል ጻፊልኝ። «አለሁ» በይኝ።

ጭራሮ

*

ግንቦት 29

እትዬ፣

ደብዳቤ አልመጣም። ፖስታ አመላላሹ አሁን አሁን ገና ከመንገዱ ማዶ ሲያየኝ እጁን ያራግብልኛል፤ የለም ለማለት። እናቴን ወደ አንቺ ላክኋት፤ በሩ ዝግ ነበር አለችኝ። ጀልባዋስ? አልኳት። ጀልባዋን ለማየት አልሄድኩም፣ ፈራሁ አለችኝ።

እባክሽ።

*

ሰኔ 24

ለጭራሮ፣ ለወንድሜ፦

አለሁ።

ፈጣሪ ያስጨነቅኩህን ጭንቀት ከደስታ ይቁጠርልህ። አክስቴ የመጣች ዕለት ቤት ውስጥ ነበርኩ። ስታንኳኳ ሰምቻለሁ። ልከፍትላት ተነስቼ ነበር፤ በሩ ጋ ስደርስ ተመለስኩ። ረዥም አድርገሽ ጻፊ ብለኸኝ የለ? እንግዲህ አንብብ።

መጀመሪያ እናትህን አትውቀስ። «ሰው አገር ብቻውን ነው፤ አይነገረው» ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ አዝናልህ መስሏት ተስማማች። እኔ ግን ላንተ ብዬ አልነበረም። ሬሳ ስላልተገኘ ለቅሶ አላስቀምጥም አልኩ። «ከሐይቅ የወጣ የለም፤ ማንን ነው የማለቅሰው?» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ዓይኑ ይለወጥ ጀመር። በመንገድ ሳልፍ ወሬ ይቋረጣል። ማንም ስሙን አያነሳም፤ እኔን እንዳያስከፉ። እሱ ከሰው አፍ ሲጠፋ አየሁት። ከዚያ አንተ ትዝ አልከኝ። አንተ አታውቅም። አንተ ብትጽፍ «ጋሼ እንዴት ነው?» ትላለህ። ጭራሮ፣ በዚህ ዓለም ላይ «እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ፈልጌ ነው የጻፍኩልህ። ስትሰድበው፣ ስትስቅበት፣ ሰላም በይልኝ ስትል ደብዳቤህን ይዤ ጥገና ክፍሉ እገባና አነብለታለሁ። ባንተ ወረቀት ላይ በሕይወት ነበር።

የነገርኩህን ነገር ከየት ሰማሽ ብለሃል። አላውቅም። ጥያቄህን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ አልኩ፤ መልሱን አወቅሁት። እንዲህ ነው ከማለት ሌላ የምልህ የለኝም። ባልዲውንም ደንበኛዬ ሰምታዋለች።

መልሕቁ ሲመጣ ከጨርቁ ፈታሁት። ከበደኝ። ቀዝቃዛ ነው። ለመቋጠሪያ ያልኩህ ገመድ ለጀልባዋ እንዳልነበር አሁን ገብቶሃል። ያንን አልልክልሽም ብለህ በመቅረትህ ተናድጄብህ ነበር፤ ዛሬ እጅህን እስማለሁ።

አክስቴ ከሄደች በኋላ ለዓሣ አጥማጁ ነገርኩት። «ከምሳ በኋላ ወደ ቦታው ውሰደኝ» አልኩት። «እብድ ነሽ እንዴ? ከሰዓት በኋላ?» አለኝ። «የምፈልገው ከሰዓት በኋላ ነው» አልኩት። ብቻዬን እንደምሄድ ሲገባው መቅዘፊያውን ተሸክሞ መጣ። መሐንዲሱ የሚያቆምበትን ያውቃል፤ ከውሃ ማማው ትክክል፣ ሐይቁ ቀለሙ ከሚጠቁርበት ነው። ጀልባዋ ውስጥ እሱ ከጠፋ ወዲህ ተቀምጬ አላውቅም። የሱ ጠረን ይኖራል ብዬ ነበር። የቀለም ሽታ ብቻ ነው ያለው።

እንደነገርከኝ አደረግን። አልወረወርነውም። እኔ ነኝ ያወረድኩት፤ ሰንሰለቱ በእጄ ውስጥ እየሄደ እየሄደ ሥሩን ሲነካ ተሰማኝ። ልስልስ ነው። ከዚያ ነፋሱ ወደ ኋላ ወሰደን፤ ገመዱን ለቀቅንላት፤ አሰርነው። ገመዱ ተወጠረ፤ ጀልባዋም ልክ እንዳልከው አንገቷን ቀና አድርጋ ቆመች። ማዕበሉ ግራና ቀኛችንን እያለፈ ይሄዳል፤ እኛ አንሄድም። ዓሣ አጥማጁ «ኧረ ይሄ ነገር ይይዛል!» ብሎ ሳቀ። እኔ ያን ሲል ነው ያለቀስኩት። እስከዚያ ቀን አላለቀስኩም ነበር። ይህን የመሰለ ነገር በዓለም ላይ እያለ፣ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ እየተሸጠ፣ የኔ ሰው በባልዲ!

ነፋሱ በረታ። ያኔ መጣ። ከጀልባዋ ሥር፣ ከሩቅ፣ ያንኑ ግርርር የሚል ድምፅ ሰማሁት። የጥገና ክፍሉ ድምፅ ነው። ከደንገሉ በኩል ተነስቶ ወደ እኛ ይመጣል፤ ትንሽ ይቆማል፤ ደግሞ ይጎተታል። ዓሣ አጥማጁን አየሁት። «ዓሣ ነው» አለኝ ሳልጠይቀው። ኮፍያውን ግን አወለቀ።

ድምፁ ገመዳችን ጋ ሲደርስ ቆመ። ገመዱ ተንቀጠቀጠ። ነፋስ እንደሚያንቀጠቅጠው አይደለም፤ ሰው ሲይዘው ነው። እጄን ገመዱ ላይ አደረግሁ። ልጠራው አስቤ ነበር፤ ናልኝ ልለው፤ ወይም መጣሁ ልለው። ለዚያ ነበር የሄድኩት። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ያዝ» አልኩት። «ይይዛል፤ ጭራሮ ነው የመረጠው፤ ያዝና እረፍ።»

ገመዱ መንቀጥቀጡን ተወ። ከዚያ ወዲያ ነፋሱም ውሃውም የራሱን ጩኸት ይጮኻል እንጂ ሌላ ድምፅ አልሰማሁም። ተቀምጬ ስጠብቅ እንቅልፍ ወሰደኝ። አስበው፣ እዚያ መሀል! ዓሣ አጥማጁ ኮቱን አልብሶኝ ነበር። ስነቃ ውሃው ተኝቷል።

«እናንሳው?» አለኝ። ገመዱን እየሰበሰብን ከላዩ ደረስን። ይለቃል ያልከው ቦታ ላይ ነን። ሁለታችንም ብንስብ ሊነቀል ይችል ነበር፤ ትንሽ ሲነቃነቅም ተሰምቶኛል። ዓሣ አጥማጁ እጁን በምራቁ አርሶ ገመዱን ሊጨብጥ ሲል «ተወው» አልኩት።

«እንዴት ልተወው? ይህን የመሰለ ዕቃ?»

«እሱ ይዞታል» አልኩት።

ቋጠሮውን ፈታሁት። ጫፉ በእጄ ውስጥ አልፎ ውሃ ውስጥ ገባ። እጄን አላጠበቅሁም። ዓሣ አጥማጁ መቅዘፊያውን አነሳ። ጉድህን ሰማህ? ስንት የደከምክበትን ዕቃ ሐይቅ ውስጥ ተውኩብህ።

ቤት ስንደርስ በሬን ከፈትኩና አልዘጋሁትም። ዓሣ አጥማጁ ለሰፈሩ ነገረ መሰለኝ፤ ሰው መጣ፤ አክስቴም መጣች። የሱን ስም ጠርቼ አለቀስኩ፤ እነሱም ስሙን ጠሩት። ሰው ሁሉ የሚያወራው ወሬ ነበረው ለካ! አንዱ፣ «ሬዲዮዬን ጠግኖ ሲመልስልኝ ሦስት ብሎን ተርፎት ነበር፤ ሬዲዮው ግን ይሠራል» ብሎ ለቀስተኛውን አሳቀው። ባሌ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ነበር ብዬ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እጄ አልተሰበረም።

የስፌት መኪናዬን ወደ ጥገና ክፍሉ አስገባሁ፤ ብርሃኑ እዚያ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ሲነሳ አሁንም መርፌውን አቆምና አዳምጣለሁ። ምንም የለም። እውነቱን ልንገርህ? አንዳንድ ቀን ይከፋኛል፤ ምነው ባልዲውን እንኳ በሰማሁት እላለሁ። ከዚያ መኪናዋን አስነሳለሁ።

አንተን ግን በደልኩህ። እኛ ሁላችን አልቅሰናል፤ አንተን አስቀረሁህ። ይቅር በለኝ። አልቅስለት።

እትዬህ

*

ሐምሌ 19

ለእትዬ፦

ጤናሽ ይጽና። ብርሃኑ የተሻለበት ክፍል ይስማማሽ። እጅሽ አይዛል።

«አለሁ» የምትለዋን ካነበብኩ በኋላ የቀረውን ለማንበብ ጊዜ ወሰደብኝ። ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ ሥራ ገባሁ፤ በሻይ ሰዓት ጨረስኩት። አላለቀስኩም። ለመልሕቁ አታስቢ፤ ከዚያ የተሻለ ቦታ የጣልነው መልሕቅ የለም።

ከሻይ በኋላ አንድ ባልና ሚስት ሱቅ ገቡ። ወጣቶች ናቸው፤ ገና ጀልባ መግዛታቸው ነው፤ ደስታው ፊታቸው ላይ ነው። ሚስትየዋ መልሕቆቹ ከተሰቀሉበት ግድግዳ ፊት ቆማ፣ «የትኛው ነው የሚታመነው?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ በቀን ስንቴ እንደምመልሰው አታውቂም። አፌን ከፈትኩ። የሐይቃችሁ ሥር ምንድነው ልላት ነበር። ባልየው የሆነ ቀልድ ቀለደ፤ «ለእኛ ባልዲም ይበቃናል» ነው ያለው መሰለኝ። ይቅርታ ሳልጠይቅ ጥያቸው መጋዘን ገባሁ።

ሰንሰለቶቹ መካከል፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ፣ እንዴት እንዳለቀስኩ አልነግርሽም። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ነበር፤ ግን መጋዘኑ ብረት ብቻ ነው፤ ድምፅ ይመልሳል። በሆዴ ሥር የነበረው መዳፉ ትዝ ሲለኝ፣ ያን ጊዜ ሳይሆን ገና አሁን የለቀቀኝ መሰለኝ።

ካፒቴኗ ገባች። ታባርረኛለች ብዬ ነበር፤ ደንበኛ ጥሎ መሄድ በእሷ ዘንድ ነፍስ ከመግደል ብዙ አይርቅም። የገመድ ጥቅል ጎትታ መጣችና ከአጠገቤ ተቀመጠችበት። ጉልበቷ ሲታጠፍ ይጮኻል። እስክበርድ ጠበቀች።

«ማን ሞተብህ?» አለችኝ።

«ዋና ያስተማረኝ ሰው» አልኳት።

«መቼ ነው የሞተው?»

«ዛሬ» አልኳት።

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ተነስታ ወጣችና ባልና ሚስቱን ሸኝታ የሱቁን በር ከውስጥ ቆለፈችው፤ መብራቱን አጠፋች፤ ተመልሳም እዚያው ጥቅሉ ላይ ተቀመጠች።

ጭራሮሽ